የጊታር ፍሬትቦርድ በኮምፒውተር ለመንደፍ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? ከድሬዳዋ የተጻፈ የንጽጽር መመሪያ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከአንድ አናጢ ወዳጄ ጋር የመጀመሪያውን ጊታር ስንሠራ ፍሬትቦርዱን (በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉት የብረት ዘንጎች የሚሰኩበትን ሰሌዳ) የነደፍኩት እኔ ነበርኩ። የፍሬቶቹን ርቀት ከሠንጠረዥ አነበብኩ፣ እያንዳንዱን ወደ ሙሉ ሚሊሜትር አጠጋጋሁ፣ ከዚያ አንዱን መስመር ከሌላው እየቀጠልኩ በኮምፒውተር አሰመርኩ። 36፣ 34፣ 33፣ 31 እያለ ይወርዳል። እሱ ወረቀቱን በወይራ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ በስስ መጋዝ ቆረጠው። ክር ወጥረን ስንሞክረው ያልተያዘው ክር ልክ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ግን ድምፁ ይወርዳል። ወዳጄ ጆሮውን አስጠግቶ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አደረገውና "አቦ፣ ክሩ አይደለም፤ ሰሌዳው ነው የሳተው" አለኝ። በብረት ማስመሪያ ለካነው። 325 መሆን የነበረበት 324 ነው።

አንዲት ሚሊሜትር ናት። ግን ያ ሰሌዳ ደርቆ፣ ተልጎ፣ ለስልሶ እዚያ ለመድረስ ሳምንታት ወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ በእጄ የገባውን የካድ (በኮምፒውተር የመንደፊያ) ሶፍትዌር ሁሉ በዚሁ በፍሬትቦርድ እየፈተንኩ ነው የቆየሁት። ይህን የምጽፈው የእንጨት ሥራ ላላችሁ፣ ጊታር ለምትጠግኑ፣ ለቴክኒክ ተማሪዎችና "የትኛውን ላውርድ?" ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ ነው።

መጀመሪያ፣ ፍሬትቦርድ ለምን ያስቸግራል?

ሁሉም የካድ ሶፍትዌር አንድን ቅርጽ በእኩል ርቀት የሚደጋግም መሣሪያ አለው። ለደረጃ ይሆናል፣ ለአጥር ይሆናል፣ ከለገሃር ተነስቶ በሚሄደው ሐዲድ ሥር ለተነጠፉት አግዳሚዎችም ይሆናል። ለፍሬት ግን አይሆንም። ፍሬቶች ወደ ብሪጁ (በጊታሩ አካል ላይ ክሩ ወደሚያርፍበት) በቀረቡ ቁጥር እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ ሁለት እኩል ክፍተት የለም።

ስሌቱ ይኸው ነው። ክሩ ከነት (በአንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍባት አጥንት) እስከ ብሪጅ ያለውን ርዝመት ያዙ። የክላሲካል ጊታር ብዙውን ጊዜ 650 ሚሊሜትር ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር የፌንደሩ የተለመደ ልክ 647.7፣ የጊብሰኑ ደግሞ በስም 628.65 ሚሊሜትር ነው። የማንኛውም ፍሬት ቦታ፦

የፍሬቱ ርቀት ከነት = ርዝመት − ርዝመት ÷ 2^(የፍሬት ቁጥር ÷ 12)

በ650 ብናሰላው 1ኛው ፍሬት 36.48፣ 2ኛው 70.92፣ 12ኛው ልክ 325 ላይ ይውላል። የድሮ ሠሪዎች የቀረውን ርዝመት በየጊዜው ለ18 እያካፈሉ ነበር የሚያሰምሩት። ትክክለኛው አካፋይ ግን ወደ 17.817 ነው። በ18 ከተካፈለ 12ኛው ፍሬት 322.6 ላይ ይወድቃል፤ ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ይጎድላል ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፍሬት የሚለካው ከነት ነው እንጂ ከጎረቤቱ ፍሬት አይደለም። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር፤ ትንንሾቹ ማጠጋጋቶች ተደማመሩብኝ። ሁለተኛ፣ ሁሉም ሶፍትዌር መስመር ያሰምራል። መጠየቅ ያለባችሁ ቁጥሩን የሚይዘው ሶፍትዌሩ ነው ወይስ እናንተ የሚለውን ነው። 650ን ወደ 628.65 ስትቀይሩ 22ቱም ፍሬቶች በራሳቸው ተከትለው ካልተንቀሳቀሱ፣ ስህተቱን ነገ እንደገና ትሠሩታላችሁ።

የምመዝንባቸው ነገሮች

ትልቁ መመዘኛ ከላይ ያልኩት ነው፤ ቀመር ይቀበላል ወይ? ከእሱ ቀጥሎ ድሬ ለተቀመጠ ሰው ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ይመጣል። መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ሁለት ሰዓት ይቆያል። እነዚያ ሁለት ሰዓታት የሥራ ሰዓት ይሆናሉ ወይስ ባዶ ስክሪን ማየት? ሦስተኛው ክፍያ ነው። ከዚህ ሆኖ በየዓመቱ በዶላር መክፈል ለአብዛኞቻችን ከዋጋው ይልቅ መንገዱ ይከብዳል። በዚህ ላይ የላፕቶፑን አቅም ጨምሩበት፤ ብዙዎቻችን ያለን 4 ወይም 8 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ነው።

የቀሩት ሁለቱ ከእንጨቱ ጋር የተያያዙ ናቸው። የክላሲካል ጊታር ሰሌዳ ጠፍጣፋ ነው፤ የሌሎቹ ግን ላዩ ጎበጥ ይላል። ይህ ጉብታ በሬዲየስ ይገለጻል። የቆየው የፌንደር 184 ሚሊሜትር ገደማ፣ የአሁኑ 241.3፣ የጊብሰን 304.8 ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ጉብታ፣ ይልቁንም ከነት ወደ ታች እየሰፋ የሚሄደውን ኮምፓውንድ ሬዲየስ፣ ሳያስቸግር ይሠራል ወይ? በመጨረሻም ሌዘር ቤቱ ወይም የሲኤንሲ ማሽኑ (በኮምፒውተር የሚመራው መቁረጫ) የሚፈልገውን ፋይል ያወጣል ወይ?

ፍሪካድ

ነጻ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ለፍሬትቦርድ ከሁሉ የሚያስመርጠው በውስጡ ያለው ሠንጠረዥ ነው። እንደ ኤክሴል ሕዋስ አለው። በአንዱ ሕዋስ 650 ትጽፉና "ርዝመት" የሚል ስም ትሰጡታላችሁ። ከሥሩ ከ1 እስከ 22 ቁጥር ደርድራችሁ ከአጠገባቸው ያንን ቀመር እየቀዳችሁ ትለጥፋላችሁ። ከዚያ በስኬቹ (በመስመር ሥዕሉ) ላይ የእያንዳንዱን ፍሬት መስመር ርቀት ከየሕዋሱ ጋር ታስሩታላችሁ። 22 ጊዜ ማሰር አሰልቺ ነው፤ ለእኔ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ቀን ወስዶብኛል። አንዴ ካለቀ ግን ለዘለዓለም አለቀ። አሁን አንድ ሰው የ628.65 ጊታር ይዞ ቢመጣ አንድ ቁጥር ቀይሬ ሰሌዳው ዓይኔ እያየ ሲሰበሰብ አያለሁ።

ማሰሩ ከሰለቻችሁ ማርዝ የሚባል ለጊታር ነዳፊዎች የተዘጋጀ ተጨማሪ መሣሪያ አለ። የሰሌዳውን፣ የአንገቱንና የአካሉን ልክ በቁጥር ተቀብሎ ራሱ ይገነባል። ለጀማሪ ግን መጀመሪያ በእጃችሁ እንድትሠሩት እመክራለሁ፤ ቀመሩ የት እንዳለ ያላወቀ ሰው ስህተቱንም አያገኘውም።

ሠንጠረዡ ሌላ በር ይከፍታል። አሊ ቢራ ጊታርና ኡድ የተጫወተባት ከተማ ነች ድሬ። ኡድ ፍሬት የለውም፣ ክራርም የለውም፤ ጊታር ላይ ግን 12 እኩል ክፍል የሆነው ቅኝት በብረት ተቸንክሯል። አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን የክራር ተጫዋች በሚያወጣው መንገድ በፍሬት ማውጣት የሚፈልግ ካለ፣ በሠንጠረዡ ላይ በፍሬት ቁጥር ፈንታ የሴንት (የአንድ ፍሬት ልዩነት መቶኛ) ልክ ያስገባና በ12 ፈንታ በ1200 ያካፍላል። እያንዳንዱ ፍሬት ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ይህን ዓይነቱን ሙከራ በወረቀትና በማስመሪያ ማን ይደፍረዋል?

ጉድለቱን አልደብቅም። ምናሌው ብዙ ነው፣ አንዱን ሥራ ለመሥራት ሦስት ቦታ መዞር አለ። በቆዩት ቅጂዎች ላይ መጀመሪያ የሠራችሁትን ስትነኩ የኋላው ይፈርስ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ የወጣው 1.0 ቅጂ ይህን በእጅጉ አሻሽሎታል። ስለዚህ ከጓደኛ ፍላሽ ላይ አሮጌ ቅጂ አትቀበሉ። ለሲኤንሲ የመቁረጫ መንገድ ማውጫም በውስጡ አለው፤ ሆኖም ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ፊውዥን

የአውቶዴስክ ምርት ነው፤ ቀድሞ ፊውዥን 360 ይባል ነበር። መንደፍ ብቻ ከሆነ ከፍሪካድ ይቀላል፦ ፓራሜትር (ስም የተሰጠው ቁጥር) ትከፍታላችሁ፣ ቀመሩን ትጽፋላችሁ፣ መስመሩ ይታዘዛል። በሁለት ቅስቶች መካከል ሎፍት አድርጎ (አንዱን ከሌላው በገጽ አያይዞ) ኮምፓውንድ ሬዲየስ ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለሲኤንሲ የሚያዘጋጀው የመቁረጫ መንገድም በጣም ጥሩ ነው።

ሆኖም ነጻው የግል ፈቃድ ገደብ አለው። በአንድ ጊዜ የሚታረም ከ10 በላይ ሰነድ አይፈቅድም፣ ከሥራው የሚገኝ ገቢ በዓመት ከ1,000 ዶላር በታች መሆን አለበት፣ በማሽኑ ላይ ደግሞ ፈጣን ጉዞ ይከለክላል። ይህ የመጨረሻው ለፍሬትቦርድ ትልቅ ነገር ነው። ፍሬቶቹ የሚገቡባቸው 22 ቦዮች ሲቆረጡ ቢላዋው ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው በአየር ላይ ይሄዳል፤ በነጻው ፈቃድ ያንንም የሚሄደው እንደሚቆርጥ ያህል በዝግታ ነው። ፋይሎቹ የሚቀመጡት በበይነመረብ ላይ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ለተወሰኑ ቀናት መሥራት ቢቻልም ቀድሞ የተከፈተ ፋይል መሆን አለበት። ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ በ4 ጊጋባይት ራም መሞከሩም ትርፉ ድካም ነው።

ተማሪ ከሆናችሁ ነገሩ ይለያል። በየዓመቱ የሚታደስ ነጻ የትምህርት ፈቃድ አለ፤ ተጠቀሙበት።

ኦፕንስካድ

መዳፊት ለሰለቸውና ፕሮግራም መጻፍ ለሚወድ ሰው ነው። እዚህ ምንም አይሳልም፤ ይጻፋል። "ከ1 እስከ 22 ድረስ በዚህ ቀመር ቦታ 0.6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቦይ ቁረጥ" የሚለውን በሦስት መስመር ትጽፉና ያልቃል። በፍሪካድ ግማሽ ቀን የወሰደብኝን እዚህ በአሥር ደቂቃ ሠርቼዋለሁ። ቀላል ነው፣ በደካማ ላፕቶፕ ይሠራል፣ ነጻ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም።

አንድ ወጥመድ አለው። ክብን የሚሠራው በቀጥታ መስመር ቁርጥራጮች ሲሆን፣ ካልነገራችሁት እያንዳንዱ ቁራጭ 12 ዲግሪ ይይዛል። በ241.3 ሬዲየስ ላይ ይህ ወደ 50 ሚሊሜትር ስፋት ነው፤ የፍሬትቦርድ ስፋት ራሱ ከ43 እስከ 56 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጎበጥ ያለ ሰሌዳ ያዘዘ ሰው ወይ ጠፍጣፋ፣ ወይ መሃሉ ላይ ስለት ያለው ጣራ ያገኛል፤ በስክሪን ላይ ደግሞ ላይታይ ይችላል። የክቡን ጥራት ወደ ብዙ መቶ ቁራጭ ማሳደግ ግዴታ ነው። ሌላው ደግሞ ስቴፕ (ሌሎች የካድ ሶፍትዌሮች የሚከፍቱት የሦስት አውታር) ፋይል አያወጣም። ለሌዘርና ለሦስት አውታር ፕሪንተር ይበቃል፤ ጥራት ላለው የሲኤንሲ ሥራ ግን አልመርጠውም።

ሊብሬካድና ኦቶካድ፣ ከፍሬት ማስሊያ ጋር

ፍላጎታችሁ የፍሬቶቹን ቦታ የሚያሳይ፣ በሌዘር የሚቆረጥ የፕላይውድ ማስመሪያ ብቻ ከሆነ ሦስት አውታር አያስፈልጋችሁም። ፍሬትፋይንድ የሚባል ነጻ የድረ ገጽ ማስሊያ አለ፤ ርዝመቱን፣ የፍሬቱን ብዛትና የሰሌዳውን ስፋት ተቀብሎ በዲኤክስኤፍ (የካድ የመስመር ሥዕል) ፋይል ያወጣል። ያንን በሊብሬካድ ከፍታችሁ ዙሪያውን፣ ቀዳዳዎቹንና ጽሑፉን ትጨምራላችሁ። ሊብሬካድ ነጻና ቀላል ነው። ኦቶካድ የምታውቁ፣ በተለይ ከቴክኒክ ኮሌጅ የወጣችሁ፣ በእሱ ብትሠሩም ልዩነት የለውም። ችግሩ ርዝመቱ ሲቀየር ወደ ማስሊያው ተመልሶ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። በሚሊሜትር ያዘጋጀሁትን ፋይል አንድ ሌዘር ቤት በኢንች ከፈቱት፤ በስክሪኑ ላይ 12 ሜትር የሚያህል ፍሬትቦርድ ተዘረጋ። ያን ጊዜ ግልጽ ስለሆነ ተረፍን። ከዚያ በኋላ ግን ከሥዕሉ ጎን ሁልጊዜ 100 ሚሊሜትር የሆነች አንዲት መስመር እጨምራለሁ፣ "ይህ 100 ሚሜ ነው" ብዬ እጽፍባታለሁ። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ያቺን መስመር ለኩልኝ እላለሁ።

ኦንሼፕና ራይኖ፣ በአጭሩ

ኦንሼፕ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ነው። ደካማ ላፕቶፕም ስልክም ይበቃዋል፤ ቀመርም በሚገባ ይቀበላል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ሥራው እዚያው ይቆማል። በነጻው ፈቃድ የምትሠሩት ሁሉ ለማንም ሰው ክፍት ነው፣ ለንግድ መጠቀምም አይፈቀድም። ለመማሪያ እንጂ ለሱቅ አይሆንም።

ራይኖ በቆዳ ላይ እንደሚንሸራተት እጅ ያለ ጠማማ ገጽ ይሠራል፤ የአንገቱን ጀርባና ኮምፓውንድ ሬዲየሱን ከእሱ የተሻለ የሚያወጣ አላየሁም። ቀመሩ የሚገባው ግራስሆፐር በሚባለው አብሮት በሚመጣው ክፍል ነው። ዋጋው ወደ 1,000 ዶላር ቢሆንም አንዴ የሚከፈል ነው፤ ለ90 ቀናት በነጻ ይሞከራል። ሶሊድወርክስም ጥሩ ቀመር ይቀበላል፣ ግን ከባድና ውድ ስለሆነ ድርጅታችሁ ከሌለው ለፍሬትቦርድ ብላችሁ አትድከሙበት።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ሶፍትዌር | ቀመር ይይዛል? | ያለ ኢንተርኔት | ክፍያ | ላፕቶፕ | ጉብታ | ለማሽን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፍሪካድ | አዎ፣ በሠንጠረዥ | ይሠራል | ነጻ | መካከለኛ | ጥሩ | ሌዘርና ሲኤንሲ |
| ፊውዥን | አዎ፣ በፓራሜትር | ለጥቂት ቀናት | ነጻ በገደብ፣ ያለበለዚያ ዓመታዊ | ጠንካራ | በጣም ጥሩ | ለሲኤንሲ ምርጥ |
| ኦፕንስካድ | አዎ፣ በኮድ | ይሠራል | ነጻ | ደካማም ይበቃል | ጥንቃቄ ይሻል | ሌዘር፣ ፕሪንተር |
| ሊብሬካድ ከማስሊያ ጋር | አይይዝም | ማስሊያው ብቻ ይፈልጋል | ነጻ | ደካማም ይበቃል | የለም | ሌዘር |
| ኦንሼፕ | አዎ | አይሠራም | ነጻ፣ ሥራው ክፍት | ደካማም ይበቃል | ጥሩ | ሌዘርና ሲኤንሲ |
| ራይኖ | በግራስሆፐር | ይሠራል | ወደ 1,000 ዶላር፣ አንዴ | ጠንካራ | ምርጥ | ሌዘርና ሲኤንሲ |

ታዲያ ለእናንተ የቱ?

ጊታር ጠጋኝ ከሆናችሁና በዓመት አንድ ሁለት ሰሌዳ የምትቀይሩ ከሆነ፣ ማስሊያውና ሊብሬካድ ይበቃሉ። 3 ሚሊሜትር ፕላይውድ ላይ ማስመሪያ አስቆርጡና ቦዩን በእጅ መጋዝ ቁረጡ። ቦዩን ራሱን በሌዘር ማስቆረጡን አልመክርም፤ ጠርዙን ስለሚያቃጥለው ፍሬቱ አይጨብጥም።

ጊታር ሠርታችሁ መሸጥ የምታስቡ፣ በእጃችሁም ገንዘብ የሌለ፣ ፍሪካድ ተማሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ። እኔ ዛሬ የምሠራው በእሱ ነው፤ ማንም ፈቃዱን የማይነጥቀኝ፣ መብራት ሲጠፋ የማይዘጋብኝ እሱ ስለሆነ።

ኮድ የምትጽፉ ልጆች በኦፕንስካድ ጀምሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊውዥንን በትምህርት ፈቃድ፤ ስትመረቁ ፈቃዱ እንደሚያበቃ አስባችሁ ግን ሥራችሁን በስቴፕ ፋይል አስቀምጡ። ሲኤንሲ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ካላችሁና ትዕዛዝ የሚመጣላችሁ ከሆነ፣ የፊውዥንን የንግድ ፈቃድ ወይም ራይኖን መግዛት ያዋጣል።

በየትኛውም ብትሠሩ ሁለት ነገር በሞዴሉ ውስጥ አስገቡ። የመጀመሪያው የቦዩ ወለል ነው። በ241.3 ሬዲየስ ላይ 56 ሚሊሜትር የሚሰፋ ሰሌዳ ከዳሩ ይልቅ መሃሉ 1.6 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ወለሉን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ዳር ላይ 2.5 ብትቆርጡ መሃሉ ላይ ከ4 በላይ ይገባል፤ ሰሌዳው 6 ሚሊሜትር ከሆነ የሚቀረው 2 እንኳ አይሞላም። 22 ቦታ እንዲህ የሳሳ ሰሌዳ ይለመጣል። መፍትሔው የቦዩን ወለል በዚያው ማዕከል በ238.8 ሬዲየስ ማጉበጥ ነው።

ሁለተኛው የእኛ አየር ነው። ከደጋ ገዝታችሁ ወደ ድሬ ያወረዳችሁትን ጊታር አንገት በመዳፋችሁ ዳሰስ አድርጉት፤ ከወራት በኋላ የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቧጭራል። እንጨቱ በሙቀቱ ደርቆ በስፋቱ ተሰበሰበ፣ ብረቱ ግን ባለበት ቆየ። በሲኤንሲ የምታስቆርጡ ከሆነ ቦዩን ከዳሩ 2 ሚሊሜትር ሲቀረው አቁሙት፤ ጫፉ በእንጨት ውስጥ ይደበቃል። ያንን 2 ደግሞ በሠንጠረዡ ላይ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡት፤ ለሐረር ስትሠሩ ሌላ ቁጥር ልትፈልጉ ትችላላችሁ።

ወይራውን ከመንካታችሁ በፊት ሥዕሉን በሙሉ ልኩ በወረቀት አሳትሙት። ኅትመት ቤቱን "ከወረቀቱ ጋር አታመጣጥኑት፣ በመቶ በመቶ አውጡት" በሏቸው። ከዚያ የብረት ማስመሪያውን ዜሮ ነቱ ላይ አድርጉ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ አንብቡ። 325 ካለ ወረቀቱን ወደ አናጢው ይዛችሁ ሂዱ።